ትኩስ ጌሾ እንዴት ይታወቃል?

(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



 የዝግጅት ኮሚቴው ስለ አገራችን መጠጦች አንድ ነገር እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ እኛ የማኅበሩን የበዓል ጠላና ጠጅ የምናዘጋጅ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበን ተመካከርን። ስለ አጠማመቁ ከእናቶቻችን ፊት ቆሞ መናገር ድፍረት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መረጥን፤ እርሱም ጌሾ ነው።

ጌሾን የመረጥንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ማር እዚህ ሮማ ውስጥ ሞልቷል። ገብሱም፣ ስንዴውም አለ። ውሃው ኖራ ይበዛበታል እንጂ ንጹሕ ነው። ጋኑ ቢጠፋ ዳሚጃና አለ። ጌሾ ግን ከአገር ቤት በሻንጣ ወይም በነጋዴ እጅ የሚመጣ፣ መቼ እንደተለቀመ ያልተጻፈበት፣ የት እንደከረመ የማይታወቅ ነገር ነው። አብዛኛው ጥፋትም የሚጀምረው ከእርሱ ነው። ለአንድ ልጅ ክርስትና የተገዛ 12 ኪሎ ማር፣ እንጨት ጌሾው ሻግቶ በመገኘቱ በአሥረኛው ቀን ሲደፋ በዓይናችን አይተናል። እናትየው ያንን ማር የገዛችው የሰው ቤት አሮጊት እያስታመመች ባገኘችው ገንዘብ ነው። እንግዲህ ይህ ንግግር ስለ ቅጠል ብቻ አይደለም።

ወንድ ልጅ ስለ ጌሾ ምን አገባው የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። ከእኛ ብዙዎቻችን እዚህ አገር የመጣነው ብቻችንን ነው። ዕቃ አጥቦ በወይራ የሚያጥንልን ሰው ስላልነበረ በስልክ እየጠየቅን፣ እየቀመስን ተማርን። ከመካከላችን ታክሲ ነጂዎች አለን፤ በጣሊያን ሕግ ደግሞ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሙያ ነጂ የተፈቀደው የአልኮል መጠን ዜሮ ስለሆነ፣ የጠመቅነውን የምንቀምሰው ሥራ በሌለን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ መጠጡን ከመቅመስ ይልቅ ቅጠሉን ማሽተት ለምደናል።

ጌሾ በሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይደስ ይባላል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላል። በጓሮው ተክሎ፣ ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ገበያ አውጥቶ መጠጥ የሚጠምቅበት ግን በዋናነት የእኛ አካባቢ ሰው ነው። ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ለሱዋና ለሜስ የሚጠቀሙበት ይኸው ተክል ስለሆነ፣ ዛሬ የምንለው ለእነርሱም የሚሆን ነው።

ሥራው ምንድን ነው? አንደኛ መራራነቱን ይሰጣል፤ ያለ እርሱ ማርና ውሃ ብርዝ እንጂ ጠጅ አይሆንም። ሁለተኛ መጠጡን ቶሎ የሚያኮመጥጡና የሚያበላሹ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን ይገታል። ከዚህም ሌላ በቅጠሉና በእንጨቱ ላይ ተጣብቆ የሚመጣ እርሾ አለ፤ አያቶቻችን እርሾ ሳይገዙ ጥንስሱ የሚፈላላቸው ከብቅሉና ከጋኑ ጋር ይህም ስላገዛቸው ነው። ጌሾው ካረጀ መራራነቱ ይደክማል፣ መከላከሉም ይደክማል፤ ጠላው በሦስተኛው ቀን ይኮመጥጣል። ሰውም "የሮማ አየር አይስማማውም" ይላል። አየሩ ምንም አላደረገም።

አሁን በጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሦስት ሳህኖች እባካችሁ እየተቀባበላችሁ እዩልን። በአንደኛው ሳህን ያለው ዘንድሮ የመጣ ቅጠል ነው፣ በሁለተኛው ያለው ሦስት ዓመት በቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ ነው፣ በሦስተኛው ያለው ርጥበት የነካው ነው። ሦስተኛውን ማየትና ማሽተት ነው እንጂ መቅመስ ክልክል ነው።

በዓይን እንጀምር። በጥላ በደንብ የደረቀ የጌሾ ቅጠል አረንጓዴነቱን አይለቅም። የላይኛው ፊቱ ከደረቀም በኋላ ትንሽ ያብረቀርቃል፤ የታችኛው ፊት ፈዘዝ ያለ ነው። ጠርዙን ቀረብ አድርጋችሁ ብታዩ በጣም ደቃቅ ጥርሶች አሉት። ፀሐይ ላይ ብዙ የተሰጣ ቅጠል ወደ ገለባ ቀለም ይሄዳል። ዓመታት ያለፉበት ደግሞ፣ ሁለተኛው ሳህን ላይ እንደምታዩት፣ ቡናማ ሆኖ ብርሃኑ ይጠፋል። ጥቁር ነጠብጣብ፣ ነጭ ወይም አመድማ ብናኝ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው። ደቃቅ ቀዳዳና ከከረጢቱ ሥር የተጠራቀመ ዱቄት የነቀዝ ሥራ ነው።

ከዓይን የሚሻለው እጅ ነው። አንድ እፍኝ ቅጠል ጨብጡና አድምጡ። ደኅናው ኮሽ ብሎ ይሰባበራል። ሳይሰበር ከታጠፈና ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተዘረጋ ገና ውስጡ ውሃ አለው ማለት ነው፤ ዛሬ አረንጓዴ ቢሆንም በከረጢት ታስሮ ከከረመ የሦስተኛውን ሳህን ዕጣ ያገኛል። ገዢዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀለሙን ብቻ አይተው ይወስዳሉ፤ ለምለም መስሎ የሚታየው ግን አንዳንድ ጊዜ ያልደረቀው ነው።

ከዚያ አፍንጫ። የተሰባበረውን በመዳፋችሁ መካከል አሹትና ቶሎ አሽትቱት። ትኩሱ ቅጠል ቅጠል የሚል፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ ሽታ አለው። አሮጌው ድርቆሽ ድርቆሽ ይላል ወይም ምንም አይልም። ሻጋታ የነካው የቤታችንን ካንቲና ይሸታል። አንድ ሌላ ችግርም አለ፤ ከበርበሬና ከኮረሪማ ጋር በአንድ ሻንጣ የመጣ ጌሾ የእነርሱን ሽታ ይጠጣል። ተበላሸ ማለት አይደለም፣ ለጠላ ምናልባት ያልፍ ይሆናል፤ ለጠጅ ግን አንመክርም።

መጨረሻ ላይ ምላስ፤ ይህም ሻጋታ የሌለበት መሆኑ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። የጥፍር ያህል ቁራጭ በፊት ጥርስ አኝካችሁ ትፉት። የደኅና ጌሾ ምሬት ቶሎ ይመጣል፣ ምላስ ላይም ይቆያል። ዘግይቶ መጥቶ ቶሎ የሚሄድ ከሆነ ጉልበቱ አልቋል።

እንጨት ጌሾ ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ለጠጅ እንጨቱን የሚመርጠው ጠጁን ስለማያደፈርስና ለማውጣት ስለሚቀል ነው። የእንጨቱ ላይ ፊት ሁልጊዜ ደረቅና አመድማ ስለሆነ ምንም አይነግራችሁም። ልጡን በቢላ ፋቅ አድርጉት። ከሥሩ ያለው ወደ ቢጫና አረንጓዴ የሚያደላ ከሆነ ደኅና ነው፤ እስከ ውስጥ ድረስ ቡናማ ከሆነ አሮጌ ነው። ከዚያ ስበሩት፤ ቀጭኑ ቀጭ ብሎ መሰበር አለበት። መራራው በብዛት ያለው በልጡ ላይ ስለሆነ፣ ልጡ የተላጠና የወደቀ ወፍራም ግንድ በኪሎ መግዛት ማገዶ መግዛት ነው። ቀጫጭኑን ምረጡ።

ስለተፈጨ ጌሾ የእኛ አስተያየት አጭር ነው፦ አትግዙ። ዱቄት ከሆነ በኋላ ጠርዙ አይታይ፣ ልጡ አይፋቅ፣ ሌላ ቅጠል ተቀላቅሎበት እንደሆነ አይታወቅ። አየር የሚያገኘው ገጽም ስለሚበዛ ቶሎ ይደክማል። ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ በብርጭቆ ፈትኑት። አንድ የሻይ ማንኪያ በለብ ያለ ውሃ አድርጋችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉት። ውሃው አረንጓዴ ወደ ቢጫ ካልሄደ፣ ሲቀመስም ካልመረረ ለጋን አይሆንም። ቅጠሉን ሙሉውን ገዝቶ ጥንስሱ በሚጣልበት ቀን መውቀጥ የሚወስደው ግማሽ ሰዓት ነው። በቡና መፍጫ ደግሞ አምስት ደቂቃ ነው፤ ጎረቤትም አያማርርም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ። ጌሾ ሲጠፋ አንዳንዶቻችን ወደ ፈረንጁ ጌሾ፣ ወደ ሉፖሎ ዞረናል። ሉፖሎ ቢራ የሚጠመቅበት አበባ ነው። በባቫርያ በ1516 እ.ኤ.አ. የወጣው የታወቀ ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሉፖሎና ከውሃ ብቻ እንዲሠራ አዟል። በ1846 እ.ኤ.አ. ቪጄቫኖ ላይ የተቋቋመውና በ1864 እ.ኤ.አ. ወደዚሁ ወደ ሮማ የመጣው ፔሮኒም፣ አዲስ አበባ ላይ በ1922 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራም ምሬታቸውን የሚያገኙት ከእርሱ ነው። ቬኔቶ ውስጥ በጸደይ ወራት የዱሩን ሉፖሎ ለጋ ቡቃያ ብሩስካንዶሊ ብለው በሪዞቶ ይበሉታል።

በዚህ ከተማ ለቤት ጠማቂዎች ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ሙሉውን የደረቀ አበባ በከረጢት ይሸጣሉ። ይህን የሚገዛ ሰው ከጌሾ የሚቀለው ነገር አለ፤ ከረጢቱ ላይ የተለቀመበት ዓመትና የምሬቱ መጠን በመቶኛ ይጻፋል። ሉፖሎ በእኛ ንፍቀ ክበብ የሚለቀመው ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ባለው የፈረንጆች ጊዜ ነው። ስለዚህ በጸደይ ወራት "ያለፈው ዓመት" የሚል ከረጢት ብታገኙ አትደንግጡ፣ ከእርሱ የበለጠ አዲስ የለም። የሁለት ዓመት ከሆነ ግን ተዉት።

አበባውን ስትከፍቱት በቅርፊቶቹ ሥር ቢጫ ዱቄት ታገኛላችሁ፤ ሉፑሊን ይባላል፣ ምሬቱም መዓዛውም ያለው እዚያ ነው። ዱቄቱ ደማቅ ቢጫ ሆኖ በጣት ሲያሹት የሚጣበቅ ከሆነ፣ አበባውም አረንጓዴ ሆኖ ሲጫኑት መልሶ የሚነፋ ከሆነ ትኩስ ነው። ወደ ብርቱካንማና ቡናማ ከዞረ አየር በልቶታል። በጣም ያረጀው ደግሞ አይብ አይብ ይሸታል፤ ፔኮሪኖ የተቀመጠበትን ፍሪጅ አስቡ። ዝርያውም ልዩነት አለው። በክፍል ሙቀት ስድስት ወር ሲቆይ ሳዝ የሚባለው ዝርያ ከምሬቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ሲያጣ፣ ጋሌና የሚባለው ከዚያ በጣም ያነሰ ብቻ ያጣል። ስለዚህ ከረጢቱ በመስኮት ዳር የተሰቀለበትን ሱቅ ትታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ከሚያስቀምጠው ግዙ።

ነገር ግን ትኩስም ቢሆን ሉፖሎን በጌሾ ቦታ ጥንስስ ውስጥ መጨመር የታሰበውን አይሰጥም። ያቋረጥነው የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ እዚህ ላይ ትንሽ ያገለግለናል። በጌሾ ውስጥ ካሉት መራራ ነገሮች አንዱ ጌሾይዲን ይባላል፤ ከስኳር ጋር የተያያዘ ውህድ ነው፣ እንዲህ ያሉ ውህዶችም ወደ ውሃ መውጣት ይቀናቸዋል። ስለዚህ ጌሾ ሳይቀቀል በጋን ውስጥ ቀናት ተቀምጦ ምሬቱን ይሰጣል። የሉፖሎ ምሬት ግን ሙጫ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ አይወጣም፤ ቅርጹን የሚለውጠውና ወደ ቢራው የሚገባው አንድ ሰዓት ያህል ሲፈላ ነው። በጥንስስ ውስጥ ሳይፈላ ሲጨመር መዓዛው ይወጣል፣ ምሬቱ ግን እዚያው ይቀራል። አፍልቶ ውሃውን መጨመር ይቻላል፤ የሚገኘው ግን ቢራ ቢራ የሚል ጠላ ነው። የሚወዱት ልጆች አሉን፣ አንቃወምም። ጠላ ነው ብለን ለእንግዳ ግን አናቀርበውም።

ከዚህ የባሰ አደገኛ መንገድ አለና በጥብቅ እንናገረው። "ራምነስ" የሚለውን ስም ይዞ ኤርቦሪስቴሪያ የሚሄድ ሰው ፍራንጎላ ወይም ሌላ ዘመድ ተክል ይሰጠዋል። ፍራንጎላ የታወቀ የሆድ ማስቀመጫ ነው። በእነዚህ ኮረብታዎች ላይም አላተርኖ የሚባል፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅና ከጌሾ ጋር የሚመሳሰል ቁጥቋጦ በብዛት ይበቅላል፤ እርሱም ከዚያው ወገን ነው፣ ጌሾ ግን አይደለም። "ሮማም ጌሾ አለ" ብሎ የለቀመ ሰው ካገኛችሁ እባካችሁ አስቁሙት። የአንድ ወገን ተክል መሆን የአንድ ማሰሮ ተክል አያደርግም።

ሻጋታውንም እንዲሁ አትናቁት። አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫሉ። ይህ መርዝ በቤት ምድጃ ማፍላት አይጠፋም፤ ጸሐይ ላይ እንደገና ማስጣትም አያድንም። ሻጋታውን ማራገፍ የሚታየውን ብቻ ማስወገድ ነው። ከአንድ ከረጢት ጥቂቱ ከሻገተ ሙሉውን ጣሉት። ለጌሾው የከፈላችሁት ከማሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ብዙዎቻችን ወደ አገር የምንሄደው ፌራጎስቶ ሲደርስ፣ ልጆች ትምህርት ሲዘጉ ነው። ያ ወር በአገራችን ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሾላ ወይም ከመርካቶ የሚገዛ ጌሾ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ በደንብ አይደርቅም፣ የደረቀውም ርጥበት ይስባል። በጥርና በየካቲት የሚሄድ ሰው የሚያመጣው ከዚያ በጣም ይሻላል። ስለዚህ ለገናና ለጥምቀት የሚሄዱትን ለምናችሁ አስመጡ፤ በክረምት የምትሄዱ ደግሞ ከገዛችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ቤት ውስጥ አንጥፋችሁ አሰንብቱት። በፕላስቲክ አጥብቆ አስሮ ከልብስ መካከል መክተት ውሃውን አብሮ ማሰር ነው። በወረቀት ወይም በጥጥ ከረጢት አምጡ፣ ሮማ ስትደርሱም በዚያው ቀን ክፈቱት።

ትኩስ፣ ያልደረቀ ቅጠል ወይም ችግኝ ይዞ መምጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከታኅሣሥ 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ትኩስ የተክል ክፍል፣ ከጥቂት ፍራፍሬዎች በስተቀር፣ በመንገደኛ ሻንጣም ቢሆን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። ፊዩሚቺኖ ላይ ከፈታሽ ጋር ከመከራከር በደንብ የደረቀውን መያዝ ይሻላል። ስለ ሕግ ካነሣን፣ በጣሊያን በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀረጥ ሕግ አንድ ሰው ለራሱ፣ ለቤተሰቡና ለእንግዶቹ የሚጠምቀውን ቢራ ከቀረጥ ነጻ አድርጎታል፤ ቃሉ ግን "እስካልተሸጠ ድረስ" ይላል። በማኅበራችን በዓል ላይ ጠላና ጠጅ በነጻ የሚቀዳው፣ የመዋጮ ሣጥኑም ከመጠጡ ጠረጴዛ ርቆ የተቀመጠው ለዚሁ ጥንቃቄ ነው።

አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልናል። "ያረጀ ጌሾ ቢበዛስ ያው አይሆንም ወይ?" ሻጋታ ከሌለበትና ያረጀ ብቻ ከሆነ ለጠላ ከተለመደው አንድ ተኩል እጥፍ መጨመር ይቻላል። ከዚያ ካለፈ ምሬቱ ሳይሆን እንጨት እንጨት የሚል ጣዕም ይገባል፣ አፍንም ይይዛል። ለጠጅ አንሞክረውም። አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውሃ በርዞ ለጥቂት ሳምንታት የሚጠብቅ ሰው፣ በጌሾ ላይ መቆጠብ የለበትም።

አቀማመጡን ነግረን እንጨርስ። በመዳፍ ኮሽ የሚል ደረቅ ጌሾ በመስታወት ማሰሮ ወይም በቆርቆሮ ተከድኖ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ከምድጃው በላይ ያለው ቁም ሣጥን አይሆንም፤ ካንቲናውም ርጥብ ነው፤ ቬራንዳው በሐምሌ ከ35 ዲግሪ በላይ ይግላል። ትንሽ ቤት ላለን ሰዎች የሚሻለው ከመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ታችኛው ክፍል ነው። ሉፖሎ ከሆነ አየሩን አስወጥታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከበረዶው ክፍል አስገቡት። በሁለቱም ላይ የመጣበትን ወርና ዓመት ጻፉ።

ከዛሬው በዓል የተረፈ፣ ባለፈው ጥር የመጣ 4 ኪሎ ያህል ቅጠል ጌሾ አለን። ለትንሣኤ መጥመቅ ለምትፈልጉ አባላት ከዝግጅቱ በኋላ እናከፋፍላለን። ሚዛኑ ከበሩ በስተግራ ነው፤ የወረቀት ከረጢት የያዘ ይቅደም፣ በፕላስቲክ አንሰጥም።